ስለ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪምና ስለ በሽተኛው ልብ

በሕክምና ሥራ ሁሉ መካከል እንደ ቀዶ ሕክምና የሰውን እምነት የሚጠይቅ የለም። ሌላው ሐኪም መድኃኒት አዝዞ ያሰናብታል፤ በሽተኛውም ቤቱ ገብቶ ቢወድ ይውጠዋል፥ ባይወድ ይተወዋል። ኦፕራሲዮን የሚሆነው ሰው ግን ልብሱን አውልቆ፥ አእምሮውን ለማደንዘዣ አስረክቦ፥ ምናልባት ከዚያች ሳምንት በፊት አይቶት የማያውቀው ሰው ሥጋውን በስለት እንዲቀድደው ይፈቅዳል። ይህን ያህል አደራ የተቀበለው ሐኪም ስለ በሽተኛው ልብና ስለ ቤቱ ጭንቅ ምን ያህል ያውቃል? ይህን ጥያቄ ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ማንሣታችን፥ ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ሆኖ ስላልታየን ነው። ሆስፒታልን የሚያስተዳድሩ ሹማምንት፥ እንዲሁም በሽተኛው ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚያማክራቸው ካህናት በነገሩ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በሽተኛ ፍርሃቱን በግልጥ አይናገርም። በአገራችንማ የልብን ጭንቀት ለማያውቁት ሰው መዘርገፍ እንደ ነውር ይቆጠራልና፥ ሕመሙን እንኳ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ የልቡን ነገር በሌላ ነገር ጠቅልሎ ያቀርበዋል። ለምሳሌ ቡአውን ሊያስጠግን የመጣ አንድ ገበሬ «ዘንድሮ ክረምቱ ቀድሞ ገባ» ይላል እንበል። ሐኪሙ ስለ አየር ጠባይ የተነገረ መስሎት ያልፈዋል፤ ወይም «ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሣ» ብሎ ያዝዘዋል። ገበሬው ግን የጠየቀው፥ ማን ያርስልኛል፥ ልጆቼስ ምን ይበላሉ ብሎ ነው። እንደዚሁም ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘባት እናት «የልጄ ሠርግ ለጥር ነው» ስትል፥ ቀጠሮው እንዲዛወርላት መለመኗ ሊሆን ይችላል፤ እስከዚያ በሕይወት እቆያለሁን ማለቷም ሊሆን ይችላል። ቅኔ የተማሩ አንባቢዎቻችን ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻቸውም። ሰሙ ሠርግ ነው፤ ወርቁ ሞት ነው። ሐኪሙ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ቢመልስ አልዋሸም፥ ክፉም አልተናገረም፤ ነገር ግን ሴቲቱ ያመጣችውን ጥያቄ ይዛ ተመልሳ ትሄዳለች።

ይህ የኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። ዌንዲ ሌቪንሰን የተባሉ ሐኪምና ጓደኞቻቸው በአሜሪካ አገር 116 በሽተኞች ከሐኪሞቻቸው ጋራ የተነጋገሩትን በድምፅ መቅረጫ አስቀርጸው መርምረው፥ ውጤቱን በ2000 ዓመት በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አውጥተውታል። ከ116ቱ 54ቱ ወደ ጠቅላላ ሐኪሞች፥ 62ቱ ወደ ቀዶ ጠጋኞች የሄዱ ነበሩ። በሁለቱም ዘንድ ከግማሽ በሚበልጠው ጉብኝት ውስጥ በሽተኛው የልቡን ነገር በፍንጭ አመልክቶ ተገኝቷል። ቀዶ ጠጋኞቹ ለነዚህ ስሜቶች በመልካም የመለሱት ከመቶ 38 ጊዜ ሲሆን፥ ጠቅላላ ሐኪሞቹ ግን ከመቶ 21 ጊዜ ብቻ ነው። ቀዶ ጠጋኝ ልቡ ደንዳና ነው፥ ከቢላዋው በቀር የሚያውቀው የለም እያለ የሚያማ ሰው ይህን ቊጥር ቢመለከተው መልካም ነው። ሆኖም ከመቶ 38 ማለት፥ አብዛኛው ፍንጭ መልስ ሳያገኝ መሬት ላይ ወድቆ ቀረ ማለት ነውና፥ ለቀዶ ጠጋኞችም ቢሆን ብዙ የሚያስመካ ነገር የለበትም።

በዚሁ ምርመራ ውስጥ ሌላ ነገር ተገኝቷል፤ በኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ሐኪሞች ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ ዘወትር የሚሰጡት ምክንያት ጊዜ የለንም የሚል ነው። ደጅ ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ ላየ ሰው ምክንያቱ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ቀዶ ጠጋኙ ለበሽተኛው ስሜት በመለሰበት ጊዜ ጉብኝቱ በአማካይ 12 ደቂቃ ተኩል ሲፈጅ፥ ሰምቶ እንዳልሰማ ባለፈበት ጊዜ ግን 14 ደቂቃ ፈጅቷል። በጠቅላላ ሐኪሞቹም ዘንድ መልስ የተሰጠበት ጉብኝት ከ17 ደቂቃ ተኩል ጥቂት አልፎ ሲያበቃ፥ መልስ ያጣው 20 ደቂቃ ደርሷል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ዳሩ ግን መስማት ጊዜ ያባክናል የሚለውን ክርክር ለማዳከም ይበቃል። ምክንያቱን መገመትም አያዳግትም። መልስ ያላገኘ ሰው ያንኑ ጥያቄ መልኩን እየለወጠ ደጋግሞ ያመጣዋል፤ ከበር ከወጣ በኋላም ተመልሶ «ዶክተር፥ አንድ ነገር ረስቼ» ይላል።

መልስ ማለትስ ረጅም ስብከት አይደለም። ለዚያች እናት «ሠርጉን ማየት እንደምትፈልጊ ይገባኛል፤ የሚያስፈራሽ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ዝም ማለት ይበቃል። ከባዱ ሥራ ዝም ማለቱ ነው። የድምፁም ቃና ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ናሊኒ አምባዲ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ በ2002 ባወጡት ጥናት፥ ቀዶ ጠጋኞች ከበሽተኞቻቸው ጋራ ሲነጋገሩ ከተቀረጸው ድምፅ ዐሥር ዐሥር ሰከንድ ቈርጠው ለሰዎች አሰምተው ነበር። ቃናቸው የጌትነት ድምፅ ያለበት ሐኪሞች፥ ቀድሞ በበሽተኞቻቸው በፍርድ ቤት የተከሰሱት ሆነው የመገኘታቸው ነገር ከሌሎቹ በርትቶ ታይቷል። በሽተኛ የስለቱን አያያዝ ለመመርመር ዕውቀት የለውም፤ ድምፅን ግን ማንም ይመረምራል።

አሁን አንድ ተጠራጣሪ፥ ይህ ሁሉ መልካም ጠባይ ነው እንጂ ቊስል አያድንም ሊለን ይችላል። ለእርሱ የምናቀርብለት ማስረጃ ከ1964 ዓመት ጀምሮ ተጽፎ የሚገኝ ነው። በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፥ ሎረንስ ኤግበርት የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን የሚሆኑ 97 በሽተኞችን በሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኞቹ በዋዜማው እየሄዱ፥ ነገ ስትነቃ ሕመም ይሰማሃል፥ ሕመሙ በዚህ ቦታ ነው፥ ይህን ያህል ጊዜ ይቆያል፥ ሰውነትህን እንዲህ አድርገህ ብታላላው ይቀልልሃል እያሉ ነገሯቸው፤ በኋላም እየተመላለሱ አበረታቷቸው። ለሁለተኞቹ ይህ አልተደረገም። የተነገራቸው ሰዎች የወሰዱት የሕመም ማስታገሻ ካልተነገራቸው በግማሽ ያህል ያነሰ ሆነ። ቀዶ ጠጋኞቹም ማን እንደተነገረውና ማን እንዳልተነገረው ሳያውቁ፥ የተነገራቸውን በአማካይ 2.7 ቀን አስቀድመው ወደ ቤታቸው አሰናበቷቸው። አልጋ በጠፋበት አገር ሁለት ቀን ተኩል ምን ማለት እንደሆነ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ከኛ ይልቅ ያውቁታል።

በአገራችን ግን ለዚህ ነገር ምሳሌ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ምሳሌው በአዲስ አበባ ከተማ ይገኛል። ምጥ ብዙ ቀን ሲጸናባት የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ከአጥንት ጋራ አጣብቆ ደም ስለሚከለክለው፥ ያ ገላ ሞቶ ይቀደዳል፤ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ሌሊትና ቀን ይፈስሳል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ሴቲቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልጇን፥ ጤናዋን፥ ብዙ ጊዜም ባሏን ታጣለች። ጠረኗን ስለምታፍር ከማኅበር ትርቃለች፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለምንም ትፈራለች። ቀዶ ጠጋኝ የሚያየው አንድ ቀዳዳ ነው፤ እርሷ ይዛው የመጣችው ግን የፈረሰ ቤት ነው።

አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና የኒውዚላንድ ተወላጅ የነበሩት ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 ወደ አገራችን መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በ1974 ለዚህ በሽታ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፥ ዶክተር ካትሪን ደግሞ በ2020 ዐርፈዋል። በሆስፒታላቸውና በቅርንጫፎቹ የታከሙት ሴቶች ቊጥር ከ60,000 በላይ መሆኑ ይነገራል። የእጃቸውን ጥበብ የዓለም ሐኪሞች መስክረውለታልና እኛ የምንጨምርበት የለም። ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልገን ከኦፕራሲዮኑ ክፍል ውጭ ያደረጉት ነው።

መጀመሪያ ነገር፥ በሽተኛዋ ገንዘብ አትከፍልም ነበር፤ የተጣለች ሴት ከየት አምጥታ ትከፍላለች? ሁለተኛም፥ ሴቶቹ በአንድነት የሚተኙበት ክፍል ራሱ መድኃኒት ሆነ። ብዙዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ይህ መዓት በዓለም ላይ በእነርሱ ብቻ የደረሰ ይመስላቸው ነበርና፥ በግራና በቀኝ እንደ እርሷ ያለችውን ስታይ ከኀፍረቷ የሚበዛው ሐኪም ሳይነካት ይቀልላል። ከዚህም ሌላ የዳኑትን ሴቶች ለአስታማሚነት አሠለጠኗቸው። አዲስ የመጣችውን በሽተኛ የምታጥባትና የምታጽናናት ሴት ራሷ በዚያው መንገድ ያለፈች ስለሆነች፥ «አይዞሽ» ስትላት ቃሉ ሌላ ክብደት አለው። ማንም የተማረ ሐኪም ያን «አይዞሽ» ሊለው አይችልም።

ከእነዚህ መካከል የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ የታወቀ ነው። በ1962 ገና ልጅ ሳሉ በዚሁ በሽታ ተይዘው መጡ፤ ከታከሙ በኋላ አልጋ እያነጠፉ ቆዩ፤ ቀጥሎም ሐኪሞቹን በኦፕራሲዮን ሥራ እየረዱ፥ እያዩና እየለመዱ፥ በመጨረሻ ራሳቸው ፊስቱላ የሚጠግኑ ሆኑ። በ1989 ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋራ የእንግሊዝ አገር የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ተሸልመዋል። የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ ሌሎች ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን መድረሳቸው ብዙ ጊዜ የሚደነቀው ለእጃቸው ብልሃት ነው። እኛ ግን በኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ ላይ የተኛችው ሴት፥ ስለቱን የያዘችው እጅ የእንደ እርሷ ያለች ሴት መሆኗን ስታውቅ ምን ይሰማት እንደነበር እናስባለን።

በሽተኛዋ ድና ስትሰናበት አዲስ ቀሚስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰጣት ነበር። በሒሳብ ሹም ዓይን ቀሚስ የሕክምና ዕቃ አይደለም፤ በየትኛው የወጪ አርእስት እንደሚመዘገብም ያጠራጥራል። ነገር ግን የመንደሩ ሰው የሐኪም ወረቀት አያነብም። የሚያየው ልብሷን ነው፤ የሚያስታውሰውም የቀድሞ ልብሷን ጠረን ነው። ያን አሮጌ ልብስ ለብሳ ብትመለስ፥ የተዳነች ሴት እንዳልተዳነች ሆና ትቀራለች። ይህን የተመለከተ ሐኪም ቊስሉ ከተጠገመ በኋላ የሚቀረውን በሽታ የት እንዳለ አግኝቶታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። በዚህ ሕክምና ውስጥ ቀዳዳው በሚገባ ተደፍኖ ሴቲቱ ግን ሽንቷን መቈጣጠር ያልቻለች ሆና የምትቀርበት ጊዜ አለ፤ ገላው እጅግ ተጎድቶ ጡንቻው ኃይሉን ስላጣ ነው። በሐኪሙ መዝገብ ላይ «ተደፈነ» ተብሎ ይጻፋል፤ እውነትም ነው። ሴቲቱ ዘንድ ግን ትናንትና ዛሬ አንድ ናቸው። እንዲያውም ተስፋ አድርጋ ነበርና ኀዘኗ ከፊተኛው ይብሳል። ኦፕራሲዮኑ ተሳክቷል፥ በሽተኛዋ ግን አልዳነችም የሚለውን ነገር ሐኪም ለራሱ ለመቀበል ይከብደዋል፤ ስለዚህም ቶሎ ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። የሐምሊን ሆስፒታል ግን በዚህ አላለፈም። ፈጽሞ ሊጠገኑ ላልቻሉና ወደ አገራቸው መመለስ ላቃታቸው ሴቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር የተባለውን ስፍራ አቋቁሞ መኖሪያና ሥራ አዘጋጀላቸው። በሽታው ከመነሻው እንዲቀርም በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ከፈተ።

እንዲህ ያለው ሆስፒታል የሚታከምበት አንድ በሽታ ብቻ ስለሆነ ይቀልለዋል፤ ሁሉን የሚቀበል የመንግሥት ሆስፒታል እንዴት ይህን ያደርጋል? የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። በ2015 የታተመው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ በዓለም ላይ አምስት ቢሊዮን ያህል ሕዝብ የማያሰጋና ዋጋው የሚቻል ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ አስታውቋል፤ የአገራችን ሕዝብም በብዛት ከዚሁ ወገን ነው። አንድ ቀዶ ጠጋኝ ሌሊቱን ሲቀድድ አድሮ ጧት ደግሞ የተሰለፈውን ሕዝብ ሲያይ፥ ለምን የልባቸውን አልጠየቅህም ብሎ መውቀስ ግፍ ይሆናል። ከሐኪሙ የምንጠይቀው ለፍንጩ አንዲት ቃል እንዲመልስ ነው፤ የቀረው ከእርሱ ጫንቃ ላይ ወርዶ በሌሎች መካከል መከፋፈል አለበት።

ስለ ቋንቋም ማሰብ ያሻል። ከሩቅ ወረዳ የመጣ በሽተኛ የሐኪሙን ቋንቋ ባያውቅ፥ በአቅራቢያ የተገኘ ዘበኛ ወይም ጽዳት ሠራተኛ ተጠርቶ ያስተረጒማል። «የት ላይ ያምሃል?» የሚለው በዚህ መንገድ ያልፋል። ገበሬው ስለ ክረምቱ የተናገረው ግን አስተርጓሚው ዘንድ ከንቱ ወሬ ነውና «ምንም አላለም» ተብሎ ይቀራል። ቅኔ በዘበኛ አስተርጓሚነት አይፈታም።

የመርዶም ልማዳችን አለ። ክፉ በሽታ ሲገኝ ለቤተ ዘመድ ተነግሮ ከበሽተኛው ይሰወራል፤ የፈቃዱንም ወረቀት ወንድም ወይም ልጅ ይፈርምለታል። ይህን ልማድ ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ በደፈናው አንነቅፈውም። ነገር ግን እግሩ እንደሚቈረጥ ያልተነገረው ሰው ከማደንዘዣው ነቅቶ እግሩን ሲያጣው፥ ያን ርኅራኄ ምን ብሎ ይጠራዋል? በ2000 ዓመት ዋልተር ቤይልና ሮበርት ባክማን ከሌሎች ጋራ ክፉ ወሬ ለካንሰር በሽተኛ ስለሚነገርበት መንገድ ባወጡት ባለ ስድስት ደረጃ መምሪያ ውስጥ አንዱ ደረጃ፥ በሽተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ይህ ከልማዳችን ጋራ የሚጣላ አይደለም። «ነገሩን ላንተ ልንገርህ ወይስ የምትመርጠው ሰው አለ?» ብሎ ቢጠየቅ፥ ለልጄ ንገሩት የሚል ይኖራል፤ እኔው ልስማው የሚልም ይኖራል። ልዩነቱ የመረጠው በሽተኛው መሆኑ ነው።

በዚህ ነገር ካህናት ከሐኪሞች ይልቅ ልምድ አላቸው። ንስሐ የሚቀበል አባት ሰው ኃጢአቱን በቀጥታ እንደማይናገር፥ በጎረቤት ስም እያመካኘ እንደሚጀምር ያውቃል፤ ጠብቆም ያወጣዋል። በሽተኛው ኦፕራሲዮን ከመሆኑ በፊት ነፍስ አባቱን የሚያማክር ስለሆነ፥ ያ አባት የሰማውን ምሥጢር ሳያወጣ «ይህን ፍርሃትህን ለሐኪሙም ንገረው» ቢለው ብቻ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ጾምንና የመድኃኒትን ሰዓት ጠበልንና ቀጠሮን ለማስማማትም ከሐኪሙ ይልቅ የእርሱ ቃል ይሰማል። ስለ ጋብቻም ቢሆን፥ የ2000 ዓመቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን 18 አድርጎታልና፥ ገላዋ ያልጠነከረ ልጅ ወደ ምጥ እንዳትደርስ ከሐኪሙ ቢላዋ በፊት የሚከላከለው የሚመርቀው ሰው ነው።

ወደ ሹማምንቱ ስንመለስ፥ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 ቀዶ ሕክምናን በየአገሩ ለማስፋፋት ትልቅ ዕቅድ አውጥቷል፤ በርከት ያሉ ሰዎች እንዲታከሙ ማሰቡ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን የተቈጠረው ብቻ ይሠራል። የኦፕራሲዮን ብዛት፥ የሞትና የቊስል መመርቀዝ ቊጥር በመዝገብ ሲጠየቅ ሐኪሙም ለእርሱ ይተጋል፤ በሽተኛው ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሄደ ካልተጠየቀ ግን ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ በመሰናበቻው መዝገብ ላይ ሁለት ዓምድ ቢጨመር፥ አንደኛው «ከምን ትፈራለህ ተብሎ ተጠይቋልን?» ሁለተኛው «ቤቱ ሲደርስ ማን ይቀበለዋል?» የሚል ቢሆን፥ የሚያስፈልገው ቀለምና አንዲት ነርስ ናት። ከሦስት ወር በኋላም የተጠገነችውን ሴት ደርቃ እንደሆነ መጠየቅ እንጂ ቀዳዳው ተደፍኖ እንደሆነ ብቻ መጻፍ አይበቃም። በሁለተኛው ዓምድ ውስጥ «የሚቀበላት የለም» ተብሎ የተጻፈላት ሴት ስትገኝ ለማን እንደምትተላለፍ ግን አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ይህም ከሐኪሙ ይልቅ የወረዳው ሹምና የአጥቢያው ካህን ተነጋግረው የሚፈጽሙት ሥራ ነው።